«ቪትዝ ዣንጥላ ነው» የተባለው ነገር

የሆጤው መምህር፦
ባለፈው እሑድ በቁጠባና ብድር ማኅበራችን ጉባኤ ላይ አንድ የቦርድ አባል የተናገሩት ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። እንደ ቶዮታ ቪትዝ ያለ ያገለገለ አነስተኛ መኪና ለመግዛት ብድር የጠየቅን አባላት ጉዳይ ሲነሣ፣ «ቪትዝ ዣንጥላ ነው እንጂ መኪና አይደለም፤ ማኅበሩም ለዣንጥላ አያበድርም» ብለው ቤቱን አሳቁብን፤ ጥያቄያችንም በሳቁ መሐል ታለፈ። ለሠርግ ድግስ ሳይቀር የሚያበድር ማኅበር አሥራ አንድ ዓመት የቆጠበ አባሉን በቀልድ የሚሸኝ ከሆነ፣ ገንዘባችንን እዚያ ያስቀመጥነው ለምንድን ነው? እኔ ያየሁት በፈረንጅ አቆጣጠር የ2003 ሥሪት የሆነ፣ አንድ ሺህ ሲሲ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ቪትዝ ነው። ከሚሊዮን ብር በላይ ተጠይቆበታል፤ ግማሹ በእጄ አለ።

የቁጠባው ሰው፦
መምህር፣ ንግግሩን ከነሐሳቡ ቢጠቅሱት መልካም ነበር። ሰውዬው ያሉት ዣንጥላ ከዝናብ ያስጠልላል፣ ነፋስ ሲነሣ ግን ይገለበጣል ለማለት ነው። የሠርግ ብድር ትንሽ ነው፣ ከደመወዝ ተቆርጦም ቶሎ ያልቃል። ለመኪና ስናበድር ግን መያዣው ያው መኪናው ነው። ሃያ ዓመት ያለፈው መኪና ሞተሩ አንድ ቀን ከጥቅም ውጭ ቢሆን መያዣው ቆርቆሮ ሆኖ ይቀርና ዕዳው ወደ ዋሶች ይዞራል። እኔም ለሁለት ሰው ዋስ የሆንኩ ነኝና ነገሩ አያስቀኝም።

የገራዶዋ እናት፦
እኔ ደግሞ ዣንጥላ መባሉ ስድብ የሚሆነው በየትኛው አገር እንደሆነ ይነገረኝ። ሐምሌና ነሐሴ በደሴ ምን እንደሚመስል ለማናችንም አዲስ አይደለም፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ፒያሳን ሲሸፍን፣ ሦስት ልጅ በአንድ ባጃጅ ላስቲክ ሥር ጠቅልዬ ትምህርት ቤት ሳደርስ የነበርኩት እኔ ነኝ። ቪትዝ ከገዛሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ልጆቼ ደረቅ ሆነው ይገባሉ፣ ደረቅ ሆነው ይመለሳሉ። ዣንጥላ ከሆነም ዣንጥላዬ ይባረክ።

የቁጠባው ሰው፦
እኅቴ፣ ማንም መኪናዎን አልነካም። ስድስት ዓመት የነዱት በርስዎ ገንዘብ ነው፤ የምንነጋገረው ስለ ሌላ ሰው ቁጠባ ነው።

የሐረጎው ተመላላሽ፦
ከደሴ ኮምቦልቻ በየቀኑ የምመላለስ ሰው ስለሆንኩ ስለ ነፋሱ ሳይሆን በመንገዱ ላይ ስላለው የሐረጎ ቁልቁለት ልናገር። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ትጠጋለች። በሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል ማለት ነው፣ ማታም ያንኑ መውጣት አለ። የአንድ ሺህ ሲሲ ቪትዝ ጉልበት ባሕር ወለል ላይ 70 ፈረስ ያህል ነው፤ በእኛ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ከዚያ ላይ ሩብ ያህሉ ይቀንሳል። አራት ጎልማሳ አሳፍራችሁ ማታ ሐረጎን ስትወጡ አይሱዙ ከኋላችሁ ጡሩምባ ቢነፋ አትቀየሙት።

ከመውጣቱ ይልቅ የሚያስፈራው መውረዱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት፣ ካምቢዮውን በመደበኛው መንጃ በ«ዲ» ላይ ትቼ ፍሬን እየነካካሁ ስወርድ፣ ከሐረጎ በታች የፍሬን ሸራው የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ ሸተተኝ፣ ትንሽ ቆይቶም ፔዳሉ እንደ እርጥብ ስፖንጅ ሆኖ እስከ ወለሉ ገባ። የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳብኩ፣ ካምቢዮውን ወደ ዝቅተኛው ማርሽ ወደ «ኤል» አድርጌ በጠጠር ላይ አቆምኩት። ግማሽ ሰዓት ቆሜ ሲበርድ ፍሬኑ ተመለሰ። ለካ የፍሬን ዘይቱ መኪናው ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ተቀይሮ አያውቅም ነበር።

የሐይቁ ነጋዴ፦
ታዲያ ይህ የመኪናው ጥፋት ነው ወይስ የነጂው? በ«ዲ» ሐረጎን የወረደ ሰው መርሴዲስም ቢነዳ ያው ነው።

የሐረጎው ተመላላሽ፦
የነጂው ነው፤ ክጄ አላውቅም። ነገር ግን መኪናውን የሸጠልኝ ሰውም ሆነ ደላላው «ዘይቱ አሮጌ ነው» አላሉኝም፤ «ሞተሩ ያልተነካ» የሚለውን ግን ሰባት ጊዜ ሰምቻለሁ።

የሮቢቱ መካኒክ፦
እዚህ ላይ ካልተናገርኩ ሙያዬ ይታዘበኛል። «ሞተሩ ያልተነካ» ማለት ብዙ ጊዜ ያልተጠገነ ማለት ነው። መምህር ወደዚያ መኪና ሲሄዱ ለባለቤቱ አስቀድመው ሳይነግሩ በማለዳ ይድረሱ፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሣ ያልሰሙትን ድምፅ ከሞቀ በኋላ አይሰሙትም። ኮፈኑን ከፍተው የዘይት ክዳኑን ከሥሩ ይመልከቱ፤ ወተት የተቀላቀለ ቡና የመሰለ ነገር ካዩ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋልና ወደ ቤትዎ ይመለሱ። ካንዴላ ይፍቱ፤ በዘይት ከራሰ መኪናው ዘይት ይበላል። ኪሎ ሜትሩን አይመኑት፤ የቪትዝ ኪሎ ሜትር ዲጂታል ስለሆነ ለሚመልስ ሰው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከእርሱ ይልቅ የፍሬን ፔዳሉ ጎማና የመሪው ሽፋን እውነቱን ይናገራሉ፤ «ሰባ ሺህ ኪሎ» የሚል መኪና ፔዳሉ እስከ ብረቱ ተልጦ ከሆነ የዋሸው ፔዳሉ አይደለም።

የሆጤው መምህር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሻጩ የሞተሩን ቺንጋ በቅርቡ እንዳስቀየረና ደረሰኝም እንዳለው ነግሮኛል። ይህ ጥሩ ምልክት አይደለም?

የሮቢቱ መካኒክ፦
የዚያ ሥሪት ሞተር የቫልቮቹን መክፈቻና መዝጊያ ጊዜ የሚያስተካክለው በሰንሰለት ነው፤ ቺንጋ የለውም። ሻጩ የቀየረው ከውጭ ያለውን የጄኔሬተር ቺንጋ ከሆነ እሰየው፣ ግን ለእርሱ ማንም የክብር ደረሰኝ አይሰጥም።

የቁጠባው ሰው፦
እነሆ። የሌለውን ቺንጋ ያስቀየረ ሰው ነው እንግዲህ ማኅበሩ በእጁ ገንዘብ የሚቆጥርለት።

የገራዶዋ እናት፦
ሻጩ ዋሸ ማለትና መኪናው ዣንጥላ ነው ማለት ይለያያል፣ ወንድሜ። አንዱን በአንዱ አይሸፍኑብን።

የሐይቁ ነጋዴ፦
መምህር ለምን በቪትዝ ብቻ እንደተያዙ አልገባኝም። ሱዙኪ ዲዛየር ሞተሩ 1,200 ሲሲ ነው፣ ሥሪቱም የቅርብ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ መሪው ከፋብሪካው በግራ ሆኖ የወጣ ነው። ከጃፓን የመጣ ቪትዝ መሪው በቀኝ ነበርና ወደ እኛ አገር ከመግባቱ በፊት ዳሽቦርዱ ተቆርጦ፣ ፔዳሉ ተነቅሎ፣ መሪው ወደ ግራ እንዲዛወር ተደርጓል። በዚያ ላይ ሚሊዮን ማፍሰስ ምን ይባላል?

የሐረጎው ተመላላሽ፦
ይህስ እውነት ነው። የእኔም የዞረ ነው። ፍሬቻ ልሰጥ ስል የመስታወት መጥረጊያው ይነሣል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በፀሐይ መስታወት ስጠርግ የኖርኩ ሰው ነኝ። መጥረጊያው ራሱ የተሠራው በቀኝ ለሚቀመጥ ሰው ስለሆነ በእኔ በኩል ላይኛው ጥግ ሳይጠረግ ይቀራል፤ በዝናብ ጊዜ አንገቴን ወደ መሐል አስግጌ ነው የምነዳው። የፊት መብራቱም በግራ ለሚነዳ አገር የተቀረጸ ነውና ዝቅ ባለ ጊዜም ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያበራበታል። በጉም ውስጥ ስንት ጊዜ ተሰድቤበታለሁ።

የሮቢቱ መካኒክ፦
መብራቱ ይለወጣል፤ የግራ መሪ ያለው ያሪስ መብራት ገበያ ላይ አለ። በመዛወሩ ጉዳይ ግን ሁሉም እኩል አይደለም። የቪትዝ የፍጥነት ማሳያ ሰዓት ዳሽቦርዱ መሐል ላይ ስለሆነ ከሌሎቹ ይልቅ ለማዞር የተመቸ ነበር። የምመለከተው ከፔዳሉ በላይ ያለውን ላሜራ ነው። ምንጣፉን ገልጣችሁ በባትሪ እዩት፤ ብየዳው ሸካራ ከሆነ ወይም ውሃ የሚያስገባ ከሆነ ሌላውም ሥራ እንዲሁ ነው። መሪው ሲታጠፍ የሚንቋቋ፣ ሲለቀቅም በራሱ የማይመለስ ከሆነ ይተውት። ዲዛየርን በተመለከተ፣ የሐይቁ ወንድማችን ያልጠቀሱት ነገር አለ፤ ገበያ ላይ ካሉት ዲዛየሮች ብዙዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ቀንና ሌሊት ታክሲ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። አምስት ዓመት ታክሲ የሠራ መኪና ሃያ ዓመት የቤት መኪና ከሆነው ይብሳል።

የሐይቁ ነጋዴ፦
ሁሉም ታክሲ ነበረ ማለት አይደለም።

የሮቢቱ መካኒክ፦
አላልኩም፤ «ብዙዎቹ» አልኩ።

የሐይቁ ነጋዴ፦
«ብዙዎቹ» ሲባል የእኔም ይጠረጠራል። የእኔ ዲዛየር በአንድ ሐኪም እጅ ነበር።

የገራዶዋ እናት፦
አገሩ ላይ ያለው መኪና ሁሉ በአንድ ሐኪም እጅ ነበር፤ ያም ካልሆነ በአንዲት ሴት እጅ ነበር። ከባጃጅ ያልበለጠ የኪሎ ሜትር ቁጥር ያለው ሁሉ «የሴት መኪና ነው» ይባላል። እኔ መኪናዬን ስሸጥ እውነቴን ብናገር ማን ያምነኛል?

የቁጠባው ሰው፦
ወደ ብድሩ ብንመለስ። በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከወጣ ወዲህ አሮጌ መኪና ማስገባት እጅግ ተወደደ፤ በ2016 ደግሞ ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሆነ። የመኪናዎቹ ዋጋ ሰማይ የወጣው ጥራታቸው ጨምሮ አይደለም። ዛሬ ሚሊዮን የተባለው ነገ ፖሊሲው ቢቀየር ስንት ይሆናል? ማኅበሩ የሚፈራው ይህንን ነው፤ የቦርዱ አባልም በአንድ ቃል የገለጹት ይህንኑ ነው።

የሆጤው መምህር፦
ይህን ሁሉ በአንድ «ዣንጥላ» ውስጥ ካስገቡት በእርግጥም ትልቅ ዣንጥላ ነው። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ በዚያ እሑድ ከጉባኤው ስንወጣ ሲዘንብ እርሳቸው በማን መኪና ነበር የሄዱት?

የሐረጎው ተመላላሽ፦
በነጭ ቪትዝ። እኔም አይቻለሁ።

የቁጠባው ሰው፦
ይህ ለክርክር የሚበቃ ነገር አይደለም። ሰው ዝናብ ሲመታው የጎረቤቱን ግብዣ ይቀበላል። ደግሞ ያሪስ ነበር እንጂ ቪትዝ አልነበረም።

የሮቢቱ መካኒክ፦
ያሪስ ማለት ቪትዝ ነው፣ ጌታዬ። ለአውሮፓ ሲሸጥ ያሪስ ይባላል እንጂ አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው።

የቁጠባው ሰው፦
መሪው ግን በግራ የወጣ ነው፤ እስካሁን ስትከራከሩበት የነበረው እርሱ አይደለም እንዴ?

የገራዶዋ እናት፦
ወይ ጉድ! እንግዲያው ግራ መሪ ያለው መኪና፣ ቀኝ የነበረው ዣንጥላ ሊባል ነው።

የሐይቁ ነጋዴ፦
አብሽሩ፣ ሁላችሁም ኤሌክትሪክ ግዙና ገላገሉን።

የሆጤው መምህር፦
ወላጆቼ ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ መኪናዬን በየሰው ቤት እየሰካሁ ልሂድ? እርሱ ዋጋውም ከእኔ አቅም በላይ ነው።

የሮቢቱ መካኒክ፦
ስለ ወረቀቱ ማንም አላነሣም። መምህር፣ መኪናው በሻጩ ስም ነው ወይስ በውክልና?

የሆጤው መምህር፦
በውክልና ነው። ሊብሬው የተመዘገበው በሌላ ሰው ስም ነው፤ ሻጩ «ባለቤቱ ውጭ አገር ነው» ብሎኛል።

የሐረጎው ተመላላሽ፦
ውክልናው ለመሸጥ ይፈቅዳል ወይስ ለመንዳትና ቦሎ ለማውጣት ብቻ? በዚህ የተነሣ የእኔ ስም ዝውውር ሰባት ወር ነው የፈጀው።

የቁጠባው ሰው፦
አሁን እኔ ምን ልበል?

የገራዶዋ እናት፦
ምንም አይበሉ። መምህር፣ ውክልናውን ይዘው በሰነዶች ማረጋገጫ ያልተሻረ መሆኑን ያስጠይቁ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበትም ከመንገድ ትራንስፖርት ያጣሩ፤ የሻንሲ ቁጥሩንም ከሊብሬው ጋር በራስዎ ዓይን ያመሳክሩ። ሻንሲው ላይ ያለው ቁጥር ዙሪያው በአዲስ ቀለም ከተቀባ እኔን ያስታውሱኝ።

የሮቢቱ መካኒክ፦
ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እኔ አብሬዎት ልሂድ። ማግኔት ይዤ እመጣለሁ፤ ግጭት በስቱኮ የተሸፈነበት ቦታ አይጣበቅም።

የሆጤው መምህር፦
ድካምዎን ስንት ልክፈል?

የሮቢቱ መካኒክ፦
መኪናው ደህና ከሆነ ቁርስ ይጋብዙኛል። ካልሆነ ሻጩ ይክፈለኝ።

የሐይቁ ነጋዴ፦
ሻጭ ከፍሎ ያውቃል? እኔን መካኒኩ ለማየት ብቻ ነው ያስከፈለኝ፣ ዲዛየሩ ደህና ሆኖም ጭምር።

የሮቢቱ መካኒክ፦
የሐኪሙ ነዋ።

የቁጠባው ሰው፦
ቅዳሜ ያገኛችሁትን እዚህ ጻፉልን። ቦርዱ ማክሰኞ ይሰበሰባል፤ ውክልናው ካልተጣራ ግን ለጉዳዩ አጀንዳ እንደማይያዝ ከአሁኑ እናገራለሁ፤ ይህም ቃል የእኔ እንጂ የዣንጥላው ሰውዬ አይደለም።