ቮዬጀር አድራሻችንን ይዛ መሄዷ ልክ ነበር?

የፖሊ ልጅ፦ እስቲ ዛሬ ከኳስ ወጣ እንበል። ናሳ በእኛ ነሐሴ 1969 ያመጠቃቸው ሁለቱ የቮዬጀር መንኩራኩሮች የ55 ቋንቋ ሰላምታ፣ ሙዚቃና ፎቶ ያለበት በወርቅ የተለበጠ የመዳብ ሸክላ ይዘዋል። ሽፋኑ ላይ ደግሞ ፀሐያችን ከ14 ፐልሳሮች (እየተሽከረከሩ በየተወሰነ ጊዜ ሞገድ የሚልኩ ከዋክብት) አንጻር የት እንዳለች የሚያሳይ ካርታ አለ። እኔ ልክ አልነበረም ባይ ነኝ። ለማታውቀው ሰው የቤትህን አድራሻ ትሰጣለህ? ደግሞስ የዓለም ሕዝብ መች ተጠየቀ?

ሽምብጥ፦ ኧረ ተረጋጋ ወንድሜ። ቮዬጀር 1 በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረች እንኳ ግሊዘ 445 በምትባል ኮከብ አጠገብ የምታልፈው ከ40 ሺህ ዓመት በኋላ ነው፣ እሱም "አጠገብ" ሲባል በ1.6 የብርሃን ዓመት ርቀት። ሌባው እስኪመጣ ቤቱም ባለቤቱም የለም።

ጣናዬ፦ እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ሱመርኛና አካድኛ አሉበት፣ ተናጋሪ የሌላቸው ቋንቋዎች! ከአፍሪካ ሉጋንዳና ሶቶ አሉ። አማርኛ የለም፣ ግእዝ የለም። የሥነ ፈለክ ሊቁ ካርል ሳጋን የመራው ኮሚቴ ድምፁን በብዛት የቀዳው እዚያው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ካገኛቸው ሰዎች ነው። በቃ፣ ቅርብ የተገኘ ገባ።

ቀበሌ 13፦ ጣና በእምቦጭ ታንቆ እናንተ ስለ ኮከብ!

የፖሊ ልጅ፦ እምቦጩ የት ድረስ እንደተስፋፋ የምናየውም በሳተላይት ነው እኮ።

ጋሼ ፊዚክስ፦ ልጆች፣ ስለ ቮዬጀሮች በተለምዶ የሚባል አንድ ነገር ላርም። "ከሥርዓተ ፀሐይ ወጡ" የሚባለው የፀሐይ ነፋስ (ከፀሐይ የሚፈልቅ የቅንጣቶች ጅረት) የሚያበቃበትን ድንበር ስላለፉ ነው፤ አንዷ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሌላዋ በ2018። ሥርዓተ ፀሐይን ከሩቅ ወደከበበው የበረዷማ አካላት ክምችት፣ ወደ ኦርት ደመና ለመግባት እንኳ 300 ዓመት ያህል ይቀራቸዋል። የፕሉቶኒየም ኃይላቸው በየዓመቱ 4 ዋት ያህል ስለሚቀንስ ዝም ማለታቸው አይቀርም። ድምፅ የሌላትን ያቺን ትንሽ ብረት በዚያ ሁሉ ጨለማ ማን ያገኛታል? የምድር ራዳርና ቴሌቪዥን ሞገድ ግን በብርሃን ፍጥነት ቀድሟቸው ሄዷል። አድራሻችን ከተነገረ ቆየ፣ የነገረውም ሸክላው አይደለም።

የፖሊ ልጅ፦ ጋሼ፣ ይሄኛውን አላሰብኩትም ነበር። ግን ፈቃድ የሚለው ጥያቄዬ አልተመለሰም።

ሽምብጥ፦ ወደ ፕሉቶ የተላከችው መንኩራኩር ኒው ሆራይዘንስ እኮ እንዲህ ያለ ሸክላ ሳትይዝ ነው የሄደችው። የያዘችው የፕሉቶን አግኚ የክላይድ ቶምባውን አመድ ነው። እሱስ ማንን አስፈቅዶ?

ጣናዬ፦ ቀጣዩ ከተላከ አማርኛ ይግባ፣ ፈቃዱን እኔ ሰጥቻለሁ።

የፖሊ ልጅ፦ ካርታው ከወጣ እስማማለሁ።

ጣናዬ፦ ያለ ካርታ መልሱን ወዴት ሊልኩልን ነው?

ቀበሌ 13፦ ወደ ቀበሌ።