እማዬ ደም እየሸናች ነው፤ ካንሰሩ ፊኛዋ ገብቶ ይሆን?

ጥያቄ፦ የእማዬ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የማህፀን በር ካንሰር ተገኝቶባት ጨረርና ኬሞ ወስዳ ጨርሳለች። ደህና ሰንብታ ነበር። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን ሽንቷ ቀይ ሆነ። የአልትራሳውንድ ውጤቷ ላይ «የፊኛው ግድግዳ ወፍሯል» ይላል። አሁን ሲስቶስኮፒ (ፊኛን በውስጥ በካሜራ ማየት) ታዟል። እሷ «በቃ ተዛምቷል፣ ብራችሁን አትጨርሱ» ብላ እምቢ አለች። ወፈረ ማለት ተዛመተ ማለት ነው? ምርመራውስ ያማል?

መልስ፦ ነርሷ

እግዜር ይማርልሽ እህቴ። አይደለም። ፊኛ በኢንፌክሽንም ይወፍራል። ሽንት ሳይሞላው ከታየም ወፍሮ ይታያል። ደግሞ ጨረር የፊኛን የውስጥ ሽፋን ስለሚጎዳ፣ ከወራት አልፎ ከዓመታት በኋላ እንኳ ደም ሊያሸናት ይችላል። ይህንን ከካንሰር መለየት ለአልትራሳውንድ ከአቅሙ በላይ ነው። ለዚህ ነው በካሜራ የሚታየው።

የሽንት ምርመራና ካልቸር (ሽንቱ ውስጥ ተህዋስ እንዳለ አሳድጎ ማየት) ተሠርቶላታል? ኢንፌክሽን ካለ መጀመሪያ እሱ ይታከማል። ሕመሙን በተመለከተ፣ ማደንዘዣ ጄል ተደርጎ ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫው ይገባል። የሴት መንገድ አጭር ስለሆነ ከወንዶቹ ይቀላል። አንድ ሁለት ቀን ሲሸኑ ያቃጥላል፣ በቃ።

መልስ፦ አስታማሚ ነበርኩ

እህቴን ሳስታምም የተቃጠልኩበትን ልንገርሽ። የድሮውን የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ ውጤት) ወረቀት ብቻ ይዘን ሄድን። አዲሱን ናሙና ከድሮው ጋር ለማነጻጸር ስላይዱንና (ናሙናው ያለበትን መስታወት) ብሎኩን (ሥጋው በሰም ተደርጎ የሚቀመጠውን) አምጡ ተባልን። ስንመላለስ ስንት ቀን አለፈ! አሁኑኑ ጠይቁ።

መልስ፦ ሐኪም

ማህፀን በርና ፊኛ ጎረቤት ናቸው። ስለዚህ ካንሰሩ ብዙ ጊዜ በደም ተጉዞ ሳይሆን ግድግዳውን በስቶ ነው የሚገባው። በሽታው እንደተገኘ ደረጃ ስናወጣ እንኳ፣ በካሜራ እብጠት ስላየን ብቻ ፊኛ ገብቷል አንልም። ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ መረጋገጥ አለበት።

እናትሽ ጋር ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ጨረር ያገኘው ሥጋ ቶሎ አይድንም። ያለ ቦታው ናሙና ከተቆረጠ ፊስቱላ (ከፊኛ ወደ ብልት ሽንት የሚያሳልፍ ቀዳዳ) ሊከተል ይችላል። ሐኪሟ ቀድሞ ኤምአርአይ ቢያዝ ወይም ካየው በኋላ ናሙና ባይወስድ «ሳይመረምራት ሸኛት» ብላችሁ አትጣሉት፤ ምክንያቱን ጠይቁት።

ኩላሊቷስ? ዕጢ ወይም የጨረር ጠባሳ ከኩላሊት የሚወርደውን ቱቦ ሊዘጋ ይችላል። ክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይሠራላት፤ ለሲቲ ስካን መድኃኒት ከመወጋቷ በፊትም ያስፈልጋል። የረጋ ደም ዘግቶ ሽንት እምቢ ካላት፣ ትኩሳት ከያዛት ወይም ሽንቷ በጣም ካነሰ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። ሽንት በብልቷ በኩል ሳትቆጣጠረው የሚፈስ ከሆነም ሳታፍር ትናገር።

የእማዬ ልጅ

ኑሩልኝ! ካልቸር አልተሠራላትም። ነገ ጠዋት እወስዳታለሁ፤ ብሎኩን ወንድሜ ይከታተላል። የነርሷን መልስ ሳነብላት «ጨረሩም ደም ያሸናል እንዴ?» ብላ ቀና አለች። አንድ ነገር ረስቼ፦ በየቀኑ አስፕሪን ትወስዳለች። ላስቁማት?

ሐኪም

በራስሽ አታስቁሚ። ለልቧ ወይም ለስትሮክ ከሆነ የታዘዘላት፣ ማቆሙ ራሱ አደጋ አለው። ነገ ስትሄዱ ኪኒኑን ከነማሸጊያው ይዘሽ ለሐኪሟ አሳዪው፤ ከካሜራው ቀን በፊት እሱ ይወስናል።