የገና ጌጥ በቤት ውስጥ ስለመሥራት፦ ልጄ በገዛ እጇ የምታመሰግንበትን መንገድ ጠቁሙኝ

የሳቢያን እናት (ድሬዳዋ) ጠየቀች፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ሲሆን የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅና የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ልጄን የደንጊ ትኩሳት ይዟት ነበር። ከተማችን ይህን በሽታ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ደጋግማ ስላየችው ስሙ ለማናችንም አዲስ አይደለም፤ ነገር ግን በራስ ልጅ ላይ ሲመጣ የሰማነው ሁሉ ይጠፋል፣ የሚቀረው ሌሊቱን ሙሉ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ እያበረዱ መቀመጥ ብቻ ነው። በዚያ ሌሊት ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ተሳልኩ። ልጄ ዳነች፤ ጥላውንም ገዝቼ አስቀምጫለሁ፤ ታኅሣሥ 19 ቀን እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ ይዘነው እንወጣለን።

ጥያቄዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጥላውን ከሳጥን አውጥቼ ሳሳያት ልጄ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ይህን የገዛሽው አንቺ ነሽ፤ የታመምኩት ግን እኔ ነኝ፤ እኔስ ምን እሰጣለሁ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ትንሹ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለው። ጎረቤታችን ከቀፊራ ገበያ የፕላስቲክ የገና ዛፍ ገዝተው፣ በላዩ ላይ እንደ በረዶ ጥጥ በትነውበት፣ መብራት አብርተውበታል። በዚህ ቆላ ከተማ የተወለደ ልጅ በረዶ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ እርሱ ግን በየማታው በጎረቤት መስኮት ሥር ቆሞ ያየዋል። ዛፉን ለመግዛት የዘንድሮው ኪሳችን አይፈቅድም፤ ቢፈቅድም እንኳ ልቤ አልወደደውም። ስለዚህ ሁለቱም ልጆች በጾሙ ቀናት በእጃቸው የሚሠሩት፣ ለበዓሉ ቤታችንን የሚያስጌጥ፣ ጌጥ ብቻም ሆኖ የማይቀር፣ ስለተደረገልን ነገር ምስጋና የሚሆን ሥራ ብታመለክቱኝ እወዳለሁ። አንዲት ጓደኛዬ ባለቀለም ወረቀት ቆርጦ እንደ ሰንሰለት በማያያዝ በየቀኑ አንድ የምስጋና ቃል ማስጻፍ ጥሩ ነው ብላኛለች። ይህስ እንዴት ነው?

የጁገል ሰፊ (ሐረር) መለሰች፦

ልጄ፣ እኛ የሐረርና የድሬ ሰዎች አንቱታ እንደማይሆንልን ታውቂያለሽና በዕድሜ ብበልጥሽም በ«አንቺ» እንነጋገር። እንኳን ልጅሽን ማረልሽ።

ስለ ትንሹ ልጅ ልጀምር። ዛፉ ያማረው መብራቱና ጥጡ ስላለበት ብቻ አይመስለኝም፤ ጎረቤቶቻችሁ ሲያቆሙት ሲንጫጩና ሲሯሯጡ ስላየም ነው። ልጅ ግርግር ይወዳል። በቤትሽም ግርግሩን ፍጠሪለት። እኔ ለልጅ ልጆቼ የማሠራቸው የአለላ ኮከብ ነው። ከገበያ አንድ እፍኝ ስንደዶ ትገዣለሽ፤ ነጩን እንዳለ ትተዪና የቀረውን በቀይና በአረንጓዴ ቀለም ውሃ አፍልተሽ ትነክሪዋለሽ። ከዚያ በፊት ግን ስንደዶው ግማሽ ሰዓት ያህል በውሃ ተዘፍዝፎ መለስለስ አለበት፤ በደረቁ ለማጠፍ የሚሞክር ልጅ ሦስቱን ሰብሮ በአራተኛው ያለቅሳል። ሁለቱን እንደ መስቀል፣ ሌሎቹን ሁለት በመካከላቸው አድርገሽ ስምንት ጫፍ እንዲኖረው ታደርጊና መሐሉን በጥብቅ ክር ትጠመጥሚዋለሽ። ክሩን አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እያሳለፉ መጠምጠሙ ለስድስት ዓመት ልጅ ጣት አይከብድም። ሲደርቅ ጫፉን በመቀስ እኩል ይቆርጠዋል። እነዚህን አሥር ያህል ሠርታችሁ በክር ከጣሪያ ብታንጠለጥሉ፣ የበር ነፋስ ሲያገኛቸው ይሽከረከራሉ። ወስፌ ግን ለትንሹ አትስጪው፤ ትልቋ ብትሆን ትንሽ ሙዳይ መጀመር ትችላለች፣ ለዘንድሮ ገና ባይደርስላት ለፋሲካ ያልቃል።

የጨርቅ ቁርጥራጭ ካስፈለገሽ ወደ ሐረር በመጣሽ ጊዜ መኪና ግርግር ዝለቂ። ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ነው፤ ሰፊዎቹ ከሥራቸው የሚተርፈውን ባለቀለም ቁራጭ ለጠየቃቸው ልጅ አይነፍጉም። እኔ ለብዙ ዓመት የወሰድኩት ከአንድ እስላም ጎረቤቴ ሱቅ ነው፤ በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ሳልጠይቀው በፌስታል ቋጥሮ ያኖርልኛል። የገና ዳቦዬንም መጀመሪያ የሚቀምሰው እርሱ ነው።

ስለ ወረቀቱ ሰንሰለት ዲያቆን ቢናገር ይሻላል።

በሰንበት ትምህርት ቤት የሚያገለግል ዲያቆን (ድሬዳዋ) መለሰ፦

እኅታችን፣ የጓደኛዎ ሐሳብ ከጾሙ ጋር ቢያያዝ መልካም ነው። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ቀን ድረስ 44 ቀናት ናቸው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ልደት ታኅሣሥ 28 ስለሚውል ጾሙም ኅዳር 14 ይገባል። ከ44ቱ ቀናት 40ው የነቢያት፣ ሦስቱ የአብርሃም ሶርያዊ፣ የመጨረሻው አንዱ ደግሞ የገሃድ፣ ማለትም የበዓሉ ዋዜማ ነው። ሰንሰለቱ 44 ቀለበት ቢኖረውና ልጆቹ በየማታው አንዱን ቢፈቱ፣ በዓሉ እየቀረበ መምጣቱን በዓይናቸው ያያሉ።

ሦስቱን ቀናት በተለይ ለልጅዎ ቢነግሯት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ታሪኩ የእጅ ባለሙያ ታሪክ ነው። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግብፅ ገዥ፣ የሰናፍጭ ቅንጣት የሚያህል እምነት ተራራን ያነሣል የሚለውን የወንጌል ቃል እውነትነት በሥራ አሳዩኝ ብሎ ሕዝበ ክርስቲያኑን ባስጨነቀ ጊዜ፣ ፓትርያርኩ አብርሃም ከሕዝቡ ጋር ሦስት ቀን ጾመ። በካይሮ አጠገብ ያለው ተራራም ተነሣ። በጸሎቱ የተነሣለት ሰው ግን ጳጳስ ወይም መኮንን አልነበረም፤ ስምዖን የሚባል ጫማ ሰፊ ነበር እንጂ። ይህን የሰማች ልጅ የእጅ ሥራን ከጸሎት ለይታ አታይም።

አሁን ልጅዎ ወደ ጠየቀችው ልመለስ፤ «እኔስ ምን እሰጣለሁ?» ማለቷ ትልቅ ነገር ነው። ቁልቢን ያሠሩት ልዑል ራስ መኮንን እንኳ ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ተስለው፣ በድል ሲመለሱ ስለታቸውን እንደፈጸሙ ይነገራል፤ ስለት የሚሰጥ ሰው መጠኑ ትልቅ ይሁን ትንሽ የራሱን ይሰጣል። የእኔ ምክር ጧፍ ትሥራ የሚል ነው። ጧፍ በየሱቁ ተጠቅልሎ ስለምናገኘው ሰው የሚሠራው መሆኑን ረስተነዋል እንጂ በቤት የሚሠራ ነገር ነው። የጥጥ ፈትል ሦስት ወይም አራት ክር አንድ ላይ ይገመዳል። ንጹሕ የማር ሰም በትንሽ ጣሳ ተደርጎ፣ ጣሳው ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ይቀመጥና ይቀልጣል፤ ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ መጣድ አደገኛ ስለሆነ ይህን ክፍል እርስዎ ይያዙት። ክሩ በሰሙ ውስጥ እየተሳበ ይወጣል፤ ጥቂት በረድ ሲል ግን ሳይጠነክር በለስላሳ ጣውላ ላይ በመዳፍ እየተሽከረከረ ይስተካከላል። ማሽከርከሩ የእርሷ ሥራ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጠማማ ይሆናሉ፣ ቢሆኑም ይበራሉ። እርስዎ ጥላውን ሲያስገቡ እርሷ የሠራችውን ጧፍ ታበራለች፤ ለልደት ሌሊት ደግሞ የተረፈውን ለቤተሰቡ ታድላለች።

የጎረቤትዎ በረዶ እና የልጅዎ ጧፍ ከአንድ ጥጥ የሚወጡ መሆናቸው ሳልጽፈው እንዳልቀር ያደረገኝ ነገር ነው።

የከዚራ አባት (ድሬዳዋ) መለሰ፦

ዲያቆን ባለው ላይ አንድ ተቃውሞ አለኝ፤ በአክብሮት ነው የማቀርበው። እኛ ቤት ሰንሰለቱን ከሁለት ዓመት በፊት ሞክረነዋል። የመጀመሪያው ሳምንት በጣም አማረ፤ «ስለ እናቴ»፣ «ስለ ብስክሌቴ» እያሉ ጻፉ። በሦስተኛው ሳምንት ልጆቹ እየተነጫነጩ «ስለ ሽሮ»፣ በማግሥቱ ደግሞ «ስለ ሽሮ» ብለው መጻፍ ጀመሩ፤ እኔም ተቆጣሁ። በምስጋና ላይ የተቆጣ አባት ምን ያህል እንደሚያስቅ ባለቤቴ ነገረችኝ። ስለዚህ ምስጋናን የቤት ሥራ አታድርጉት። ቀለበቱን መፍታት በየቀኑ ይሁን፤ መጻፉ ግን ልጁ የሚለው ነገር ባለው ቀን ብቻ ይሁን፤ ባዶ ወረቀት የተፈታበት ቀን ቢኖር ምንም አይደለም። እኛ አምና እንዲህ አድርገን ከ44ቱ አሥራ አንድ ብቻ ተጽፎባቸዋል፤ አሥራ አንዱን ግን አንብቤ እንባ ተናነቀኝ።

ወንዱን ልጅ በተመለከተ ኮከቡ ጥሩ ነው፤ ይሁንና የገና ዱላም ይገባዋል። እረኞቹ የጌታን መወለድ ሲሰሙ በደስታ ዱላቸውን ይዘው ተጫወቱ የሚባለውን ታሪክ ነግራችሁት፣ ከቁልቢ ስትመለሱ ደጋው ላይ ጫፉ የቆለመመ የወይራ ዱላ ፈልጉለት። ደንገጎን ከወረዳችሁ በኋላ እንዲህ ያለ እንጨት አታገኙም። ልጣጩን ራሱ በጠርሙስ ስባሪ ሳይሆን በብርጭቆ ወረቀት ይፋቀው። የጨዋታውን ኳስ፣ ሩሯን፣ ከእንጨት አትሥሩለት፤ ለስድስት ዓመት ልጅ ጨርቅ አጥብቆ ጠቅልሎ በክር መጠምጠም ይበቃል። እኔ በልጅነቴ በእንጨት ሩር የተመታሁት ቅንድቤ ዛሬም ምልክት አለው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላልና ማንም አልካሰኝም። ሲጫወቱ ግን ደቻቱ ወንዝ ውስጥ አይግቡ፤ አሸዋው ደረቅ መስሎ ቢታይም በ1998 ክረምት በጎርፍ ያደረሰውን ጥፋት እናውቃለን።

ካቶሊካዊት እኅት (ሐረር) መለሰች፦

አጭር ነገር ልጨምር። በእኛ ቤት የሚሠራው የበረት ምስል ነው። ይህን ልማድ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ በ1223 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ግሬቾ በምትባል የጣሊያን መንደር እንደጀመረው ይታወቃል፤ ወደ ሐረርም የመጡት ካፑቺን ሚሲዮናውያን የእርሱ ልጆች ስለሆኑ እዚህ ለእኛ ባዕድ አይደለም። አያቴ በሬውንና አህያውን ከሸክላ አፈር ትሠራ ነበር፤ አፈሩን ከጥቂት የጤፍ ጭድ ጋር ታቦካዋለች፣ የሠራችውን በጥላ ሥር ታደርቃለች። ድሬ ላይ ፀሐይ ላይ ካወጣችሁት በአንድ ሰዓት ይሰነጠቃል። ሕፃኑን በግርግሙ ውስጥ የምናስቀምጠው በልደት ሌሊት ብቻ ነው፤ እስከዚያ ግርግሙ ባዶ ሆኖ ይጠብቃል፤ ልጆቹም በየቀኑ አንድ የሣር ዘለላ ያስገቡበታል። የሚወጣ ገንዘብ የለም።

የሳቢያን እናት (ድሬዳዋ)፣ ታኅሣሥ 21 ቀን፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ትናንት ማታ ከቁልቢ ተመለስን። መንገዱ ከምንጊዜውም በላይ ሰው ነበረበት፤ ከግቢው ለመድረስ ብዙ በእግር ሄድን።

ጧፉ አምስት ቀን ፈጀብን። እማማ ከሐረር፣ ስንደዶ የሚሰብር ልጅ በአራተኛው ያለቅሳል ያልሽው በጧፍም እውነት ነው፤ የመጀመሪያውን ክር ሰሙ ሳይዘው ሲቀር ልጄ ጥላኝ ሄዳ ነበር፣ የተመለሰችውም ወንድሟ «እኔ ልሥራው» ሲል ስለሰማች ብቻ ነው። በመጨረሻ ሰባት ሆኑ። አንደኛው ብቻ ቀጥ ያለ ነበር፤ እርሱን ይዛ እንድትሄድ ብጠይቃት እምቢ አለችና በጣም ጠማማውን መረጠች፤ «ይህ ትኩሳት የያዘኝ ጊዜ ነው፣ እኔም እንዲህ ነበርኩ» ብላ። ጥላውን ሳስገባ አበራችው። እኔ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ዲያቆን፣ ሰንሰለቱን አዘግይተን ከታኅሣሥ 1 ጀመርነው፤ የከዚራው አባት እንዳሉት መጻፉን አላስገደድኩም። ከደንገጎ በላይ አንድ ሽማግሌ የቆለመመ የወይራ ዱላ በነፃ ሰጡን።

ኮከቦቹ ከጣሪያ ተንጠልጥለዋል። ትንሹ ልጅ ግን ዛሬ ጠዋት ወንበር ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ከእኅቱ ፈትል የተረፈውን ጥጥ በዱቄት ሙጫ እየለጠፈ በኮከቦቹ ላይ በረዶ ያዘንብባቸው ነበር። ሦስቱን ጨርሶ አራተኛውን ይዟል። ተውኩት።