ሁለቱም የመድፍ ቤቶች ተነቅለዋል፣ ነገ ጠዋት ለእይታ ይቀርባል፣ እርዱኝ!

ጀማሪው፦ ሰላም ቤተሰብ። የጣልያኑ ብረት ለበስ የጦር መርከብ የ«ሬ ዲታልያ» ሞዴል ወድቆ ሁለቱም የመድፍ ቤቶች ተነቀሉ፣ አንዱ መድፍም ከሥሩ ተሰበረ። ነገ 3 ሰዓት ላይ ይፈለጋል። መሀል ላይ ልመልሳቸው ስል ቀዳዳዎቹ አንድ መስመር ላይ አይደሉም፣ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ሸሽቷል። በ3ዲ ማተሚያ ሲታተም ተዛብቶ ነው? አዲስ ቀዳዳ ልብሳ?

ብረታ ብረት፦ ሱፐር ግሉ ጠብ አድርግና 30 ሰከንድ ያዘው። አለቀ።

ጋሽ መልሕቅ፦ ምንም እንዳትበሳ! መጀመሪያ መርከቡን እንወቅ። «ሬ ዲታልያ» የሚሽከረከር የመድፍ ቤት አልነበረውም። ኒው ዮርክ የተሠራ፣ የእንጨት አካሉ ብረት የለበሰ፣ መድፎቹን በግራና ቀኝ ጎኑ የደረደረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 በሊሳ የባሕር ውጊያ ላይ መሪው ተመትቶ አልታዘዝ ሲል የኦስትሪያው መርከብ በአፍንጫው ወግቶ አሰመጠው። በአንድ ቤት ስንት መድፍ አለ? ጭስ ማውጫውስ?

ቀልደኛው፦ መሪው አለመሰበሩን አመስግን፣ ታሪክ ይደገም ነበር።

ጀማሪው፦ ሁለት ሁለት መድፍ። ጭስ ማውጫው ሁለት፣ የተራራቁ፣ መሀላቸው አንድ ምሰሶ። ስሙን ከሳጥኑ አይደለም ያገኘሁት፣ ሰው ነው የነገረኝ።

ጋሽ መልሕቅ፦ እንግዲያው «ዱይሊዮ» ወይም እህቱ «ዳንዶሎ» ነው። ርዝመቱን ለካ። እውነተኛው 109 ሜትር ገደማ ነው፣ 54 ሴንቲ ተኩል ካገኘህ ሞዴልህ 1 ለ200 ነው።

ጀማሪው፦ ልክ 54 ተኩል!

ጋሽ መልሕቅ፦ ስለዚህ ቀዳዳው አልተዛባም። ንድፉ ነው። የመርከቡ ነዳፊ ቤኔዴቶ ብሪን ሁለቱን ቤቶች ሰያፍ ያስቀመጣቸው አንዱ ሌላውን ሳይጋርድ አራቱም መድፎች ወደፊትም ወደኋላም እንዲተኩሱ ብሎ ነው። በሐሳብ ደረጃ ማለቴ ነው። መሀል መስመር ላይ ብትደረድራቸው አዋቂ ሰው ከሩቅ ይስቅብሃል። መድፎቹ የ450 ሚሊ ሜትር፣ እያንዳንዳቸው 100 ቶን ናቸው። ሲታቀድ እንዲህ አልነበሩም፤ እንግሊዞች ለመርከባቸው ለ«ኢንፍሌክሲብል» 80 ቶን ሲያዘጋጁ ጣልያኖቹ እየጨመሩ 100 ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ1876 በጣልያኗ የወደብ ከተማ ስፔትሲያ የጥሩር ብረቶች በዚሁ መድፍ ሲሞከሩ፣ 55 ሴንቲ የሆነው የፈረንሳዩ ፋብሪካ የክሩዞ አረብ ብረት ቢሰነጠቅም ጥይቱን ስላቆመ የመርከቡ ጥሩር ከእሱ ተሠራ…

ቀልደኛው፦ ጋሼ፣ ልጁ እኮ ሙጫ ነው የጠየቀ።

ብረታ ብረት፦ ሱፐር ግሉ ብያለሁ።

ፑንታ፦ ሱፐር ግሉ ለመድፉ አይሆንም። ሲደርቅ እንደ ብስኩት ነው፣ በጎን ሲነካ ይለቃል፣ ጥቁር ቀለም ላይም ነጭ ጭጋግ ይተዋል። እንዲህ አድርግ፦ በስብራቱ በአንዱ ፊት መሀል ላይ ትንሽ ቀለም ንካና ከሌላው ጋር ግጠመው፤ ምልክቱ ሁለቱም ላይ ይወጣል። እዚያ በ1 ሚሊ ፑንታ (መብሻ ብረት) በየፊቱ 4 ሚሊ ብሳ። ሬዚን ከሆነ በትራፓኖ (በኤሌክትሪክ መብሻ) እንዳትሞክር ይሰነጠቃል፣ ፑንታውን በጣትህ አሽከርክር። 7 ሚሊ የናስ ሽቦ ቆርጠህ በ5 ደቂቃው ኢፖክሲ (ሁለቱ ተደባልቀው የሚደርቁ ሙጫ) አስገባ። በ5 ደቂቃ ይያዝ እንጂ እስከ ጠዋት አትንካው። የመድፍ ቤቶቹን ግን ጭራሽ አትለጥፍ፤ ቀዳዳው ላይ በሚስማር ብቻ ይቀመጡ፣ ይሽከርከሩ።

ቀልደኛው፦ ትራፓኖ፣ ፑንታ፣ ሞርሳ። መርከቡም መሣሪያውም የጣልያን። ምጽዋን የያዘው ይሄ ነው?

ጋሽ መልሕቅ፦ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1885 ወታደሮቹን ያመጣው «ጎታርዶ» የሚባል የጭነት እንፋሎት መርከብ ነው። ጀማሪው፣ አንድ ነገር ልጨምር፦ መድፎቹ በአፍ የሚጎርሱ ናቸው። ለማጉረስ ቤቱን አዙረው አፈ ሙዙን ወደ መርከቡ ወለል ዝቅ ያደርጉና ከታች በውሃ ግፊት የሚሠራ ዘንግ ባሩዱንና ጥይቱን ይገፋል። አንዱ ጥንድ ወደታች ካዘነበለ ጉድለት አይደለም፣ በግድ ቀና እንዳታደርገው።

ጀማሪው፦ እሺ!! ግን ከኋላ፣ ከመሪው በላይ ያለውን ትልቅ ጉድጓድ የኅትመት ስህተት መስሎኝ ትናንት በስቱኮ ደፍኜዋለሁ። ችግር አለው?

ጋሽ መልሕቅ፦ ወይኔ! የ«ኒቢዮ» ጋራዥ ነው እኮ! «ዱይሊዮ» ሆዱ ውስጥ ትንሽ ቶርፔዶ ጀልባ ይዞ ይጓዝ ነበር፣ በዚያ በር ነው የምትወጣው። ስቱኮው ደርቋል?

ፑንታ፦ ካልደረቀ በእንጨት ስንጥር ጥረገው። ከደረቀ መሀሉን በትንሽ ፑንታ ደጋግመህ ብሳና ጠርዙን በሊማ ቀስ እያልክ ጨርስ፣ ቢላ አታስገባ።

ብረታ ብረት፦ እዚህ ላይ ግን ሱፐር ግሉ አልልም፣ ለእውቀት ያህል።

ጋሽ መልሕቅ፦ ጀማሪው? ደርቋል ወይስ አልደረቀም?