ብሪጋዴሩ ጡረታ የወጡት መቼ ነው? ስለ «ዶክተር ሁ» የዘመን አቆጣጠር

የጮቄ ነፋስ (ደብረ ማርቆስ)፦
በጊዜ ውስጥ ስለሚጓዘው «ዶክተሩ» የሚተርከውን የብሪታንያ የቴሌቪዥን ተከታታይ «ዶክተር ሁ»ን በፍላሽ እየተቀባበልን የምንመለከት ጓደኛሞች በአንድ ጉዳይ መስማማት አቅቶናል። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በ1975 በተላለፈው «የማርስ ፒራሚዶች» የዶክተሩ የጉዞ ጓደኛ ሳራ ጄን ስሚዝ የመጣችው ከ1980 መሆኑን በራሷ አንደበት ትናገራለች፤ በ1911 የጀመሩትን ትግል ትተው ቢሄዱ ምን እንደሚከተል ሊያሳያት ዶክተሩ ወደ 1980 ወስዶ የታርዲስን (የጊዜ መጓጓዣውን) በር ሲከፍትላት፣ ውጭ የሚታየው ነፋስ የሚያተራምሰው ባድማ ብቻ ነው። በ1983 የተላለፈው «ሞድሪን አንዴድ» ግን ምድርን ከባዕድ ፍጡራን የሚከላከለውን የዩኒት ጦር አዛዥ ብሪጋዴር ሌዝብሪጅ-ስቱዋርትን በ1976 ጡረታ አስወጥቶ፣ በ1977 የሂሳብ መምህር ሆነው ያሳየናል። ሳራ የምታውቃቸው ደግሞ በሥራ ላይ ሳሉ ነው። እኔ ዶክተሩ ያለፈውን ጊዜ ደጋግሞ ስለነካካ ዓመቶቹ ራሳቸው ተዛንፈዋል ወደሚለው መላምት አደላለሁ። እናንተስ?

ዳሞቴው (ፍኖተ ሰላም)፦
በዚያ መንገድ ከሄድን የትኛውንም ግጭት ያለ ማስረጃ ማለፍ ስለምንችል ክርክሩ እዚያው ያበቃል። በ1968 በተላለፈው «የፍርሃት ድር» ፕሮፌሰር ትራቨርስ በ1935 ቲቤት ላይ ከደረሰው ነገር ወዲህ ከ40 ዓመት በላይ እንዳለፈ ይናገራሉ፤ በዚያው ዓመት በቀረበው «ወረራው» ደግሞ ብሪጋዴሩ ከ«የፍርሃት ድር» ወዲህ አራት ዓመት መቆጠሩን ይጠቅሳሉ። ደምሩት፤ 1979 አካባቢ ያደርሰናል። በ1975 በቀረበው የዛይጎኖች (የባዕድ ፍጡራን) ታሪክም ብሪጋዴሩ ስልኩን አንስተው ጠቅላይ ሚኒስትሯን «እመቤቴ» ብለው ያነጋግራሉ፤ ማርጋሬት ታቸር ሥልጣን የያዙት ግን በ1979 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ደራሲያን ታሪኩን ያሰቡት ለቅርብ መጪ ጊዜ እንደነበር ግልጽ ይመስለኛል፤ ስሕተቱ የ1983ቱ ነው።

የጣና ዳር አንባቢ (ባሕር ዳር)፦
በዳሞቴው ሐሳብ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በ«ሞድሪን አንዴድ» የመምህሩ ቦታ መጀመሪያ የታሰበው ለብሪጋዴሩ ሳይሆን፣ በ1963 ከዶክተሩ ጋር ጉዞ ለጀመረው ለመምህር ኢያን ቼስተርተን ነበር፤ ተዋናዩ ባለመገኘቱ ብሪጋዴሩ ተተኩ። የጦር መኮንን የትምህርት ቤት መምህር ሆኖ መገኘቱ ግር ላላችሁ መልሱ ይኸው ነው። ሆኖም 1977ን ስሕተት ብሎ መሰረዝ አይዋጥልኝም። በአገራችን የአብነት ትምህርት ቤት ደጅ የረገጠ ሰው እንደሚያውቀው፣ መምህራኑ ሁለት ንባብ ሲጋጭባቸው አንዱን ፍቀው አይጥሉም፤ «አንድም» እያሉ ሁለቱንም ያቆያሉ። ተከታታዩ ራሱ በ2008 ያደረገው ይህንኑ ነው፦ ዶክተሩ ለዩኒት ያገለገለው በሰባዎቹ ይሁን በሰማንያዎቹ እንደማያስታውስ ሆኖ ያልፋል። ደራሲዎቹ የእኛን ጭቅጭቅ ሰምተው እየሳቁብን ነው ብል አላጋነንኩም።

የዳንግላ ተመልካች፦
ልዩነቱ የሦስትና የአራት ዓመት ስለሆነ በእኛ የዘመን አቆጣጠር እንኳ ማሳበብ አልተቻለም! ዳሞቴው ሆይ፣ አንድ ነገር ዘለሉ። በ«ሞድሪን አንዴድ» ብሪጋዴሩ ስለ ድሮ ባልደረባቸው ቤንተን ሲጠየቁ፣ በ1979 ከሠራዊቱ ወጥቶ ያገለገሉ መኪናዎች እንደሚሸጥ ይመልሳሉ። ቤንተን በዛይጎኖቹ ታሪክ ውስጥ ገና የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ነው። ታዲያ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ታቸር ናቸው ካልን፣ ስልኩ የተደወለው በ1979 ከግንቦት በኋላ፣ ቤንተንም ልብሱን ሳያወልቅ መሆን አለበት፤ ይህን በእርስዎ ስሌት የት ያስገቡታል?