የአንጀት ሽፋንን በተፈጥሮ መንገድ መጠገን ይቻላል ወይ? (ኮላይቲስ ያለባችሁ እባካችሁ)

ትንሿ_ደመና፦

ሰላም ለሁላችሁም። እስከዛሬ ዝም ብዬ እያነበብኩ ነበር የማልፈው ዛሬ ግን ግራ ሲገባኝ ልጽፍ ነው። አልሰረቲቭ ኮላይቲስ (የትልቁ አንጀት ሽፋን የሚያብጥበትና የሚቆስልበት ሕመም) አለብሽ ከተባልኩ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ፣ በግራ በኩል ያለው የትልቁ አንጀት ክፍል ነው የተያዘው። ሜሳላዚን የሚባል የአንጀት እብጠት ማብረጃ ነው የምወስደው፣ የሚዋጠውም ማታ ማታ በኢኒማ ከታች የሚገባውም ታዞልኛል (ኢኒማውን እውነቱን ልናገር ብዙ ጊዜ እዘለዋለሁ፣ ማን ነው እሱን በየማታው የሚችለው)። ደሙ ከቆመ ቆይቷል፣ ሽንት ቤትም ቀን ሁለቴ ቢበዛ ሦስቴ ነው። እኔማ ድኛለሁ ብዬ ተዝናንቼ ነበር፣ በቀደም በኮሎኖስኮፒ (ከታች በሚገባ ካሜራ) ሲያዩኝ ግን ሽፋኑ ገና ነው፣ ቀይ ነው፣ አልፎ አልፎም ቁስል አለው አሉኝ። ቅስሜ ስብር አለ።

ከዛ በቃ ኢንተርኔት ላይ ገባሁ። ሊኪ ገት (የሚያፈስ አንጀት) ምናምን፣ በ30 ቀን አንጀትሽን አድሺ ምናምን፣ አንዱ ግሉታሚን ዱቄት ይላል አንዱ ኮላጅን አንዱ የእሬት ጁስ አንዱ የእርድ እንክብል አንዱ ፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ ባክቴሪያ)፣ ግማሹን ገዝቼ አሁን ኩሽናዬ ፋርማሲ መስሏል። ከነዚህ ውስጥ ሽፋኑን የምር የሚጠግነው የቱ ነው? ደግሞ ፋይበር ይበላል አይበላም? አንዱ ብይ ይላል ሌላው መርዝ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ እንዳትቆጡኝ፣ ሕመሙ በረድ ካለልኝ ሜሳላዚኑን ቀስ እያልኩ ብተወውስ?

---

ቅጠል_ብቻ፦

እህቴ አይዞሽ እኔም እንዳንቺው ነበርኩ። ግሉታሚን ጠዋት በባዶ ሆድ፣ የአጥንት መረቅ ማታ፣ ስኳር ወተት ስንዴ ሙሉ በሙሉ ዜሮ። መድኃኒቱን ከተውኩ ይኸው አምስት ወሬ ነው፣ ደም የለ ቁርጠት የለ፣ እንደውም ጉልበት አገኘሁ። ያ መድኃኒት እኮ ኬሚካል ነው ምልክቱን ነው የሚያፍነው። ሰውነት ራሱን ይጠግናል እድል ከሰጠሽው።

---

ክሮንስ_14ዓመት፦

@ቅጠል_ብቻ ወንድሜ ደህና በመሆንህ ደስ ይለኛል ከልቤ ነው፣ ግን አምስት ወር ለዚህ በሽታ ምንም ማለት አይደለም። እኔ ሰባት ወር ነው የቆየሁት። ልክ እንዳንተ አቆምኩ፣ ልክ እንዳንተ ጉልበት አገኘሁ፣ ለሰውም እየዞርኩ ሰበክኩ (አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል)። ስምንተኛው ወር ላይ አንድ ሌሊት ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ማስታወክ ጀመርኩ፣ ሲታይ ትንሹ አንጀቴ መጨረሻ ላይ ጠቦ ተዘግቷል። ለካ ያ ሁሉ ወር ደህና ነኝ ስል ውስጥ ውስጡን እያበጠና ጠባሳ እየሠራ ነበር። ተቆርጦ ወጣ። ይኸው ዛሬ ድረስ የቢ12 መርፌ እወጋለሁ፣ ምክንያቱም ቢ12 የሚመጠጠው እዛች የተቆረጠችዋ ጋ ነበር።

@ትንሿ_ደመና የኔ ክሮንስ ነው ያንቺ ኮላይቲስ ስለሆነ አንድ አይደለም፣ ክሮንስ ከአፍ እስከ ታች የትም ሊወጣ ይችላል የአንጀቱንም ግድግዳ ውፍረቱን ሁሉ ይበላል፣ ያንቺው ትልቁ አንጀት ላይ ነው የውስጥ ሽፋኑ ላይ። ግን አንድ የሚያደርገን ነገር ደህና መሆንና ሽፋኑ መዳን የተለያየ ነገር መሆኑ ነው። አንቺ ራስሽ አይተሽዋል እኮ፣ ደም የለም ግን ካሜራው ቁስል አየ። ሜሳላዚን ላይ ደግሞ በ2003 የወጣ ጥናት አለ፣ ሕመማቸው ከተኛላቸው ሰዎች መድኃኒቱን በአግባቡ ያልወሰዱት ላይ የማገርሸት እድሉ ከሚወስዱት አምስት እጥፍ በላይ ነበር። ስለዚህ መተው የሚለውን እርሺው፣ ቢያንስ ሽፋኑ ገና ቁስል እያለው አይታሰብም።

---

ሳህን_እና_ሳይንስ፦

ሰላም ትንሿ ደመና፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ፣ የአንጀት ሕመምተኞች ጋር ነው የምሠራው። ዶክተርሽን ግን አልተካም ይሄን መጀመሪያ ልበል። ይረዝማል ቡናሽን ያዢ።

መጀመሪያ ያ ሽፋን ምንድነው የሚለውን እንይ ምክንያቱም የሚሸጡልሽ ሁሉ እሱን ዘለው ነው የሚጀምሩት። የአንጀት የውስጥ ሽፋን አንድ ረድፍ ሴል ብቻ ነው፣ አንድ! ሴሎቹ እርስ በርስ ተያይዘው በላያቸው ላይ ንፍጥ መሰል ነገር ይደረብበታል ባክቴሪያው በቀጥታ እንዳይነካቸው። እና ይሄ ረድፍ በየ3 እስከ 5 ቀኑ በአዲስ ይተካል። ማለትም ያንቺ አንጀት ራሱን ማደስ አልጠፋበትም፣ በየሳምንቱ ያድሳል፣ ችግሩ ሲያድስ ሲያድስ የሰውነትሽ መከላከያ ሴሎች መልሰው ማቃጠላቸው ነው። እብጠቱ ሳይበርድ መጠገኛ ዱቄት መዋጥ ዝናብ እየዘነበበት ግድግዳ እንደመምረግ ነው። ሜሳላዚን ታዲያ ምልክት አፋኝ አይደለም @ቅጠል_ብቻ ይቅርታህን፣ ሥራው ራሱ ሽፋኑ ላይ ደርሶ እብጠቱን ማብረድ ነው፣ ዝናቡን የሚያቆመው እሱ ነው።

አሁን ኩሽናሽ ውስጥ ወዳለው ፋርማሲ እንምጣ። ግሉታሚን የትንሹ አንጀት ሴሎች ምግብ ነው፣ እሱ እውነት ነው። ያንቺ ሕመም ያለው ግን ትልቁ አንጀት ላይ ነው፣ እዛ ያሉት ሴሎች ዋና ምግባቸው ቡቲሬት የሚባል ነገር ነው፣ ቡቲሬትን ደግሞ የሚሠሩልሽ ባክቴሪያዎች ናቸው ፋይበር በልተው። እንደውም ክሮንስ ባለባቸው ሰዎች ላይ እንኳ ግሉታሚን ተሞክሮ የተለየ ጥቅም አላሳየም። ኮላጅንና የአጥንት መረቅ ሆድሽ ውስጥ እንደማንኛውም ሥጋ ተፈጭቶ አሚኖ አሲድ ነው የሚሆነው፣ መረቁ ቢጣፍጥሽ ጠጪው ግን በቀጥታ ሄዶ አንጀትሽ ላይ አይለጠፍም። እሬት ጁሱን ተይው ባይ ነኝ፣ ከቅጠሉ ልጣጭ ስር ያለው ቢጫ ፈሳሽ ኃይለኛ አስቀማጭ ነው፣ ተቅማጥ ላለበት ሰው ምን ይሠራል? ፕሮባዮቲክ ላይ ደግሞ ለኮላይቲስ ጥሩ ውጤት ያሳየው የተወሰነ ዝርያ ነው፣ ለምሳሌ ኢ. ኮላይ ኒስል 1917 የሚባለው ማገርሸትን በመከላከል ከሜሳላዚን ጋር ተወዳድሮ ተቀራራቢ ሆኗል፣ በየመደርደሪያው ያለው ድብልቅ ሁሉ ግን ያ ማለት አይደለም።

እርድ ከሁሉም ትንሽ ይሻላል። በ2015 የወጣ ጥናት ላይ ቀለል ያለና መካከለኛ ኮላይቲስ ያለባቸው፣ ሜሳላዚን በደንብ እየወሰዱ ያልተሻላቸው 50 ሰዎች ነበሩ፣ ግማሾቹ በቀን 3 ግራም ኩርኩሚን (የእርድ ዋና ንጥረ ነገር) ተጨመረላቸው፣ በወሩ ከነሱ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕመሙ ሲተኛላቸው ባዶ እንክብል የተሰጣቸው ጋ አንድም ሰው የለም። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ግን ተጨመረ የሚለውን አስምሪበት፣ ተተካ አይደለም። ደግሞ ብዙ እንዲመጠጥ ተብለው በቁንዶ በርበሬ የተሠሩ እንክብሎች አንዳንድ ሰው ላይ ጉበት ጎድተዋል፣ ደም ማቅጠኛ ለሚወስድም አይሆንም። ስለዚህ ለዶክተርሽ ሳትነግሪ አይደለም።

ፋይበር ላይ ሁለቱም ወገን በከፊል ልክ ነው። ሕመሙ ሲነሳ ጥሬ ቅጠላ ቅጠል፣ ልጣጭ፣ ለውዝ፣ ፈንዲሻ የመሳሰለው ያሰቃያል፣ እንደ @ክሮንስ_14ዓመት አንጀቱ የጠበበ ሰው ላይማ ሊዘጋም ይችላል። በረድ ሲል ግን ፋይበርን ሙሉ በሙሉ መተው ባክቴሪያዎቹን ማስራብ ነው፣ እነሱ ሲራቡ ቡቲሬት የለም። በሚሟሟው ዓይነት ጀምሪ፣ አጃ፣ ሙዝ፣ ተልጦ የተቀቀለ ካሮትና ድንች፣ ትንሽ ትንሽ፣ በየሳምንቱ እየጨመርሽ። በ1999 ስፔን ውስጥ አንድ ጥናት ሕመማቸው በተኛላቸው የኮላይቲስ ሰዎች ላይ የሲሊየም ዘርን (የሚሟሟ ፋይበር ነው) ከሜሳላዚን ጋር ለአንድ ዓመት አወዳድሮ ተቀራራቢ ውጤት አግኝቷል። እሱን አይቶ መድኃኒት የሚያቆም ሰው አይጠፋም፣ እባክሽ አንቺ እንዳትሆኚ፣ አንድ ጥናት ነው።

ስንዴ ወተት ዜሮ የሚለው ለሁሉም ሰው አይሠራም። ወተት ሆድሽን ከነፋሽ ላክቶሱ (የወተቱ ስኳር) ነው ቀንሺው፣ ካልነፋሽ ካልሲየም ለምን ታጪያለሽ፣ ለዚህ ሕመም አንዳንዴ የሚታዘዘውን ስቴሮይድ የወሰደ ሰው ደግሞ አጥንቱ ይሳሳል። ከታሸገና ብዙ ነገር ከተጨመረበት ምግብ ይልቅ ቤት የተሠራ፣ ዓሣ፣ የወይራ ዘይት፣ አትክልት የበዛበት አመጋገብ የተሻለ ነው። በ2021 ክሮንስ ላይ የሜዲትራኒያንን አመጋገብ ከአንድ በጣም ጥብቅ አመጋገብ ጋር አወዳድረው ጥብቁ ምንም ብልጫ አላሳየም፣ ሰው ግን ያለመከራ መከተል የሚችለው የሜዲትራኒያኑን ነው። የብረትና የቫይታሚን ዲ መጠንሽን አስመርምሪ፣ በግምት አትዋጪ።

እና አንድ ጥያቄ አለኝ፣ የሕመም ማስታገሻ ትወስጃለሽ? ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ምናምን?

---

ትንሿ_ደመና፦

ኧረ ተባረኩ ሁላችሁም፣ ሁለቴ ነው ያነበብኩት። @ሳህን_እና_ሳይንስ እንዴት አወቅሽ?? አዎ ጉልበቴን ያመኛል፣ ጠዋት ስነሳ ይደርቃል፣ ኢቡፕሮፌን እወስዳለሁ። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ይሆናል። ከአንጀቴ ጋር ይገናኛል ብዬ አስቤም ስለማላውቅ ለዶክተሬ ነግሬው አላውቅም።

---

ሳህን_እና_ሳይንስ፦

አላወቅሁም፣ ሁሉንም ነው የምጠይቀው 😊 ግን ይኸው እኮ ነው። ኢቡፕሮፌንና ዘመዶቹ ያንን አንድ ረድፍ ሴል ራሳቸው ነው የሚጎዱት፣ ሽፋኑን የሚጠብቀው ንጥረ ነገር እንዳይሠራ ያግዳሉ፣ አንዳንድ ሰው ላይም የተኛውን ሕመም ይቀሰቅሳሉ። በአንድ እጅ የመጠገኛ ዱቄት በሌላው ኢቡፕሮፌን እየዋጥሽ ነበር ማለት ነው። ለጊዜው ፓራሲታሞል ይሻልሻል። ደግሞ የጉልበቱ ነገር ራሱ ከኮላይቲሱ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ በሽታ መገጣጠሚያም ዓይንም ቆዳም ላይ ይወጣል፣ ጠዋት መድረቁ በተለይ ንገሪው ለዶክተሩ። አንጀቱ ሲረጋ ጉልበቱም አብሮ የሚሻለው ሰው ብዙ ነው።

---

ክሮንስ_14ዓመት፦

ሁላችሁም ኢኒማውን ዝም አላችሁት እንዴ? ሴትየዋ እዘለዋለሁ ብላለች እኮ! እህቴ በግራ በኩል ላለው ኮላይቲስ የሚዋጠውና ከታች የሚገባው አንድ ላይ ሲሆኑ ከሚዋጠው ብቻ የበለጠ እንደሚሠራ የታወቀ ነው፣ ኢኒማው እኮ ቁስሉ ላይ በቀጥታ ሄዶ ነው የሚያርፈው። ሽፋን ጠጋኝ ስትፈልጊ ቤትሽ ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ባለቤቴ ኮላይቲስ ነው ያለባት እሷ የምታደርገውን ልንገርሽ፣ ጠርሙሱን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ታቆየዋለች ቀዝቃዛው ነው ቁርጠት የሚያመጣው፣ ከዛ በግራ ጎኗ ተኝታ አስገብታ ግማሽ ሰዓት ሳትነሳ ትቆያለች፣ ፎጣ ከስሯ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት አልያዝ ብሎሽ ሊወጣ ይችላል አትቁረጪ። ካልቻልሽ አረፋ የሆነም አለ፣ እሱ ለመያዝ ቀለል ይላል።

ሲጋራ ታጨሳለህ ወይ ብዬ @ቅጠል_ብቻንም ልጠይቀው ነበር፣ ያንተ ክሮንስ ነው ኮላይቲስ?

---

ቅጠል_ብቻ፦

ክሮንስ ነው። ሲጋራ በቀን አምስት ስድስት። እሺ እንዳትጮሁብኝ፣ ደህና መሆኔን ኮሎኖስኮፒ ሳልገባ የማውቅበት መንገድ አለ?

---

ሳህን_እና_ሳይንስ፦

አለ። የሰገራ ካልፕሮቴክቲን የሚባል ምርመራ፣ አንጀት ውስጥ እብጠት ሲኖር ነጭ የደም ሴሎች የሚለቁት ፕሮቲን ነው የሚለካው። በግራም ከ50 ማይክሮግራም በታች ከሆነ ጥሩ ነው፣ ከ250 በላይ ከሆነ ምንም ባያምህም ውስጥ እሳት አለ ማለት ነው። ሐኪምህ አይቶ ነው የሚወስነው ቁጥሩን ብቻ ይዘህ አትፍረድ። ሲጋራው ግን ክሮንስን እንደሚያባብስ ጥያቄ የለውም፣ ካቆምካቸው ነገሮች ሁሉ ስኳሩንም ስንዴውንም መልሰህ እሱን ብታቆም በጣም የተሻለ ነበር።

@ትንሿ_ደመና አንቺም ብትሠሪው ጥሩ ነው ግን ኢቡፕሮፌን ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል ካቆምሽ ጥቂት ሳምንት በኋላ ይሁን። ደም ከተመለሰ፣ ትኩሳት ካለሽ፣ ወይም ቀን ስድስቴና ከዛ በላይ ደም ያለው ተቅማጥ ከሆነ ደግሞ እዚህ መጥተሽ አትጻፊ፣ በቀጥታ ሆስፒታል።

---

ትንሿ_ደመና፦

እሺ። ዶክተሬ ጋ ደወልኩ፣ የጉልበቴን ነገር ስነግረው ለምን እስካሁን ዝም አልሽ ብሎ ተቆጣኝ፣ ሐሙስ እገባለሁ። ኢቡፕሮፌኑን አስወግጃለሁ። ትናንት ማታ ኢኒማውን ለብ አድርጌ ሞከርኩት፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ያዝኩት ከዛ ሮጥኩ 😂 ዛሬም እሞክራለሁ። የግሉታሚኑን ዱቄት የሚፈልግ ካለ ሁለት ጣሳ ያልተከፈተ አለኝ። አይ ቀልዴን ነው፣ ለማንም አልሰጥም።

---

ቅጠል_ብቻ፦

ካልፕሮቴክቲኑን አስለካሁ። ውጤቱ ሲመጣ እጽፋለሁ፣ መጥፎ ከሆነም እጽፋለሁ።