የኦላንድ ጉዳይ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ረቂቅ

ጸሐፊዋ፦
ጤና ይስጥልን። ስዊድን ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ባለፈው ሲሰበሰብ «ወደ ኦላንድ ብንሄድስ» ያሉት አራት ቤተሰቦች ነገሩ በወሬ እንዳይቀር፣ ለጠቅላላ ጉባኤው በጽሑፍ እንዲቀርብ ጠይቀዋል። እስካሁን የተሰበሰበው ይኸው፦

«1ኛ. ማኅበሩ ኦላንድ ላይ መሬት ገዝቶ ለሚሄዱ አባላት ቤት ይሥራ። 2ኛ. ለሚሄድ ቤተሰብ የመቋቋሚያ ብድር ይሰጥ። 3ኛ. እዚያ የራሱ ቅርንጫፍና ዕድር ይቋቋም።»

ኦላንድ የት እንዳለች ለጠየቃችሁኝ፦ በስዊድንና በፊንላንድ መካከል፣ ባሕሩ ላይ የተበተኑ ደሴቶች ናቸው። ግዛቱ የፊንላንድ፣ ቋንቋው ስዊድንኛ። ሕዝቡ ከ30,000 ብዙም አይበልጥም፤ ላግቲንግ የሚባል 30 መቀመጫ ያለው የራሱ ምክር ቤት፣ የራሱ ባንዲራ፣ የራሱ ቴምብር አለው። ከስቶክሆልም በመርከብ ግማሽ ቀን አይሞላም። ሐሳባችሁን እዚሁ ጻፉ፤ እያረምኩ እሄዳለሁ።

የሶልናው ሹፌር፦
1ኛውን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ እከራከርለታለሁ። ስቶክሆልም የቤት ወረፋ ስንጠብቅ ልጆቻችን አድገው ራሳቸው ወረፋ ገቡ። እዚያ ቦታ ሰፊ ነው፣ ሰው ትንሽ ነው። አርባ አባል ቢያዋጣ አንድ ጥሩ ቦታ ይገዛል። ኪራይ ለምን እንከፍላለን?

የዩፕሳላዋ ነርስ፦
ወንድሜ፣ ሐሳብህ ክፉ አይደለም፤ ግን 1ኛው እንዳለ ይውጣ። ኦላንድ ላይ መሬት እንደ ሌላው አገር በገንዘብ ብቻ አይገዛም። ሄምቢግድስሬት የሚሉት የነዋሪነት መብት አለ። መሬት ለመግዛት፣ ለላግቲንግ ለመምረጥና ለመመረጥ፣ ፈቃድ ሳይጠይቁ ለመነገድ እሱ ያስፈልጋል። እሱን ለማግኘት ደግሞ የፊንላንድ ዜጋ መሆን፣ ሳያቋርጡ አምስት ዓመት ደሴቱ ላይ መኖር፣ በቂ ስዊድንኛ መቻል። መብቱ የሌለው ሰው መሬት ልግዛ ካለ ለደሴቱ መንግሥት ማመልከት አለበት። ለእኛ ተብሎ የወጣ ሕግ እንዳይመስልህ፤ የሄልሲንኪ ባለሀብትም ብድግ ብሎ መግዛት አይችልም። ካገኙት በኋላም ለቅቀው ወጥተው ከአምስት ዓመት በላይ ሌላ ቦታ ከኖሩ ይቀራል።

ሕግ ተማሪው፦
እህቴ ያለችው ልክ ነው። ምክንያቱን ካላወቅን ግን ሕጉ ክፋት ይመስለናል። የሩሲያ ዛር በ1917 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሲወድቅ ኦላንዶች ፊርማ አሰባስበው ከስዊድን ጋር እንቀላቀል አሉ። ፊንላንድ ነፃነቷን አውጃ አለቅም አለች፤ በ1920 የራስ ገዝ ሕግ ሰጠቻቸው፤ እነሱ አልፈለጉትም። ነገሩ የመንግሥታቱ ማኅበር ዘንድ ደርሶ በ1921 እንዲህ ተፈረደ፦ ግዛቱ የፊንላንድ ይሁን፣ ቋንቋቸውና መሬታቸው ግን ዋስትና ያግኝ። ጁን 9 ቀን 1922 የራሳቸው ምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበሰበ፤ ቀኑን እስከ ዛሬ ያከብራሉ። ፊንላንድ በ1995 አውሮፓ ኅብረት ስትገባም ይህ የመሬት ደንብ በልዩ ፕሮቶኮል ተጠብቆ ነው የገባው።

(በነገራችን ላይ ያው የመንግሥታቱ ማኅበር ነው እኛን በ1928 ዓ.ም. ለጣሊያን ትቶ ዝም ያለው። ለእነዚያ ጥቂት ሰዎች የቆመውን ያህል ለእኛ ቢቆም ኖሮ… ይቅር።)

የምለው፣ መሬቱ ለእነሱ ሀብት ብቻ አይደለም፤ ቋንቋቸውን ያቆዩበት አጥር ነው። ገና ሳንገባ መሬት ይሸጥልን ብለን በማኅበር ስም ብንቀርብ የተሳሳተውን በር ማንኳኳት ነው።

የሶልናው ሹፌር፦
እሺ፣ ማኅበሩ ይቅር። መብቱ ካለው አንድ የአገሩ ሰው ጋር ተስማምተን በእሱ ስም ብንገዛስ? ወይም ከእኛ መጀመሪያ መብቱን ባገኘው ሰው ስም?

ጋሼ (የቀድሞው ሰብሳቢ)፦
ልጄ፣ እኔ ሰባ ዓመት አልፎኛል። በሰው ስም መሬት ተገዝቶ በሰላም ያለቀ አላየሁም። አዲስ አበባ ላይ በእህት ስም፣ በአጎት ስም የተገዛው ቤት ስንቱን ወንድማማች ፍርድ ቤት እንዳቆመ እናንተም ታውቃላችሁ። ያንን ይዘን ባሕር አንሻገርም። ከዚህ ሌላ የአገሩን ሕግ በጓሮ መዞር ነው፤ ትንሽ አገር ደግሞ ሁሉን ያውቃል። 30,000 ሰው ሁለት ዕለታዊ ጋዜጣ ያነባል፤ ሦስተኛ ወሬ አንሁንላቸው።

የዩፕሳላዋ ነርስ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ እንዲያውም ከመሬት በፊት ስለ ፓስፖርት እንነጋገር እላለሁ። ከአራቱ ቤተሰቦች ሁለቱ ውስጥ ባል ወይም ሚስት የስዊድን ዜግነት የላቸውም፣ የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ነው ያላቸው። የስዊድን ዜጋ የሆነ ሰው በኖርዲክ ስምምነት ዕቃውን ጭኖ ሄዶ ይመዘገባል፤ ፈቃድ የሚጠይቀው የለም። የስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ ግን ፊንላንድ ውስጥ የመኖር መብት አይሰጥም፤ ኦላንድ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ፊንላንድ ናት። ስደተኛ ጉዳይን የሚወስነው ላግቲንግ ሳይሆን ሄልሲንኪ ነው። ስለዚህ ባል ሄዶ ሚስት በስቶክሆልም እንዳትቀር፣ ዜግነቱ ሳይጠናቀቅ ማንም ቤቱን አይልቀቅ።

ሥራ ግን አለ። ሆስፒታሉም፣ የአረጋውያን ቤቶችም፣ መርከቦቹም ሰው ይቀጥራሉ፤ ከእኛ ውስጥ ስንቱ ኡንደርሾተሽካ (ረዳት ነርስ) እንደሆነ ታውቃላችሁ። የስዊድን የሙያ ወረቀት ግን ብቻውን አይበቃም፤ ከፊንላንድ በኩል የሙያ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። ከመሄድ በፊት ይጀመር፣ ደሞዝ ሳይኖር ወረቀት መጠበቅ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግርም።

የልጆች እናት፦
እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ትልቁ ልጄ 10 ዓመቱ ነው። ወደ ፊት የፊንላንድ ዜጋ ከሆነ ወታደር ይጠራል? የፊንላንድ ወንድ ሁሉ ይዘምታል ሲሉ ሰማሁ።

ሕግ ተማሪው፦
እታለም፣ ኦላንድ ከ1856 ጀምሮ ምሽግ የማይሠራባት፣ በ1921 ደግሞ ገለልተኛ የሆነች ደሴት ናት። ሄምቢግድስሬት ያለው ሰው ከፊንላንድ ወታደራዊ ግዳጅ ነፃ ነው። ነገር ግን ደሴቱ ላይ መኖር የጀመረው 12 ዓመት ከሞላው በኋላ ከሆነ ይህ አይመለከተውም። ስለዚህ ለልጅሽ ጊዜው አጭር ነው። የስዊድን ግዳጅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የስዊድን ዜግነቱ እስካለ ድረስ ያንን ኦላንድ አታስቀርለትም።

የልጆች እናት፦
ገባኝ። ትምህርት ቤቱስ?

የዩፕሳላዋ ነርስ፦
በስዊድንኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ግዴታ፣ ፊንላንድኛ በምርጫ። ልጆቹ ሰኞ ገብተው ማክሰኞ ይጫወታሉ። የሚቸገሩት እኛው ነን፤ አማርኛ የሚሰሙት እኛ ቤት ውስጥ ብቻ ነው የሚሆነው።

እትዬ (የዕድሩ ሰብሳቢ)፦
እኔ 3ኛው ላይ ነው ነገር ያለኝ። አራት ቤተሰብ ዕድር አይሆንም። አንዱ ቤት ለቅሶ ቢሆን ሦስቱ ምን ይሆናሉ? ንፍሮ ቀቃዩ ማን ነው፣ እንግዳ ተቀባዩ ማን ነው፣ አስከሬን ወደ አገር የሚልከውን ወረቀት የሚያሯሩጠው ማን ነው? ሞት ቀጠሮ አይጠይቅም። የሚሄዱት እዚሁ ዕድር ውስጥ ይቆዩ። መዋጮ ያው፣ ተራ ግን ይቀነስላቸው፤ በየለቅሶው ከደሴት ኑ አንልም። እነሱ ላይ ነገር ቢደርስ ግን እኛ እንሄዳለን። ከስዊድኑ ወደብ ከግሪስለሃምን የኦላንዷ ኤከሮ ሁለት ሰዓት ነው፣ ከሌላው ወደብ ከካፔልሼርም መርከብ አለ፤ ክረምት ከበጋ ይሠራል። እኔ ባሕር ያዞረኛል፣ ቢሆንም እሄዳለሁ።

ቤተ ክርስቲያንም ያው ነው። ደሴቷ ላይ የእኛ የለም፤ ለትልልቅ በዓል ስቶክሆልም መምጣታቸው አይቀርም። ማደሪያ እኛ ነን፤ ይህም ይጻፍ።

ገንዘብ ያዡ፦
ወደ ብድሩ ልምጣ። በቤተሰብ 25,000 ክሮነር ብዬ ይዣለሁ፣ ለኪራይ መያዣና ለጭነት። ደሞዛቸው በዩሮ ነው የሚሆነው፤ ብድሩ በክሮነር ተሰጥቶ በክሮነር ይመለስ፣ የምንዛሪ ጭቅጭቅ አልፈልግም። የሥራ ውል ፈርሞ ያሳየ ብቻ ይወስዳል። «ሄጄ እፈልጋለሁ» ለሚለው ጸሎት እንጂ ብድር የለንም።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎቻችሁ አታውቁም። ኦላንድ አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ናት፣ ከኅብረቱ የተጨማሪ እሴት ታክስ ክልል ግን ውጭ ናት። መርከቦቹ ላይ ከቀረጥ ነፃ የሚሸጠው፣ ከስቶክሆልም ወደ ፊንላንድ የሚሄዱትም በሌሊት ዋና ከተማዋ ማሪየሃምን ወይም ሎንግኔስ ወደብ ገብተው የሚወጡት ለዚሁ ነው። ለእኛ ያለው ትርጉም፦ በርበሬ፣ ሽሮና ጤፍ በፖስታ ብንልክ ጉምሩክ ይገባል፣ ወረቀት ይሞላል። ብዙ የስዊድን ሱቆችም ወደዚያ አንልክም ይላሉ። መንገደኛ በእጁ ይዞ በመርከብ ሲገባ እስከ 430 ዩሮ ዋጋ ያለው ዕቃ ነፃ ነው። ስለዚህ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ሻንጣው ውስጥ የሌላ ሰው በርበሬ እንደሚኖር ከአሁኑ ይወቀው።

የሶልናው ሹፌር፦
የምግብ ቤት ሐሳብስ? በጋ ላይ ቱሪስቱ ይጎርፋል፤ ባለቤቴ ክትፎዋን ይዛ ብትገባ ማን ይከለክላታል?

ሕግ ተማሪው፦
ክትፎውን ማንም አይከለክልም፤ ንግዱን ግን ሄምቢግድስሬት እስክታገኝ ድረስ የደሴቱን መንግሥት ፈቃድ ጠይቃ ነው። ከመሬቱ ፈቃድ የቀለለ ነው፤ ንግድ ቢከፈት እነሱም ይጠቀማሉ። የምግብ ቤቱ ሐሳብ ግን የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ በማኅበሩ ረቂቅ ውስጥ አይግባ።

ጋሼ፦
እኔ አንድ ልጨምር። ሐምሌ ላይ ሄዶ ያየ ሁሉ ይወዳታል፤ ብስክሌት፣ ፀሐይ፣ ቀይ ቋጥኝ። ለመወሰን የሚሄድ ሰው በኅዳር ይሂድ፤ በአሥር ሰዓት ሲጨልም፣ ንፋሱ ሲያፏጭ፣ ሱቁ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይዋና እሱ ብቻ ሲሆኑ ይይ። ሁሉም ደግሞ ማሪየሃምን ይግባ። ከ16ቱ ኮሙኖች (ወረዳዎች) በሕዝብ ትንሿ ሶቱንጋ ሕዝቧ መቶ ገደማ ነው፤ አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰባችን ቢገባ ሕዝቧ በአምስት በመቶ አደገ ማለት ነው። ያን ያህል ዓይን የሚችል ከእኛ ውስጥ ማን ነው?

ጸሐፊዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የተባለውን ይዤ ረቂቁን እንደገና ጽፌዋለሁ፦

«1ኛ. ማኅበሩ ኦላንድ ላይ መሬትም ሆነ ቤት አይገዛም፣ በሌላ ሰው ስምም አያስገዛም። የሚሄድ አባል ተከራይቶ ይገባል።
2ኛ. መጀመሪያ ሁለት ቤተሰብ ይሄዳል፤ ባልም ሚስትም የስዊድን ዜግነት ያላቸው፣ መኖሪያቸውም ማሪየሃምን ወይም ዙሪያዋ። ሌሎቹ ከአንድ ዓመት በኋላ የእነዚህን ሪፖርት ሰምተው ይወስናሉ።
3ኛ. ከመወሰናቸው በፊት በኅዳር ወይም በጥር ሄደው ይዩ፤ የመርከብ ትኬቱን ማኅበሩ ይችላል።
4ኛ. የሥራ ውል ላቀረበ ቤተሰብ 25,000 ክሮነር ብድር፤ በሁለት ዓመት በክሮነር ይመለሳል።
5ኛ. የሄዱት በዕድሩ ሙሉ አባል ሆነው ይቀጥላሉ፤ የተራ ሥራ ይቀነስላቸዋል። ኀዘን ቢደርስባቸው ዕድሩ ወደ እነሱ ይሄዳል። ለበዓል ሲመጡ ማደሪያ ይዘጋጃል።
6ኛ. ከሄዱት አንዱ የነዋሪነት መብት ለማግኘት የሚያስፈልገውን ወረቀት እየተከታተለ ለኋለኞቹ ያስረዳል።»

የልጆች እናት፦
2ኛው ላይ፣ ዕድሜው 12 ሊሞላ የደረሰ ልጅ ያለው ቤተሰብ ቅድሚያ ያግኝ። ለራሴ መሆኑን አልደብቅም።

እትዬ፦
ትክክል ነው፣ ይግባላት።

የሶልናው ሹፌር፦
ሁሉንም ተቀብያለሁ። 1ኛው ላይ ግን «ለጊዜው» የሚል ቃል ይጨመር። «ለጊዜው አይገዛም»።

የዩፕሳላዋ ነርስ፦
ወንድሜ፣ የነዋሪነት መብት የሚያገኘው ሰው ነው፤ ማኅበር አያገኝም። ከአምስት ዓመት በኋላም ማኅበሩ ያው ማኅበር ነው። አንተ ግን ሂድ፣ ኑር፣ ስታገኘው በራስህ ስም ግዛ፤ ምርቃቱን እኛ እንመጣለን።

የሶልናው ሹፌር፦
እሺ፣ «ለጊዜው» ይቅር። ስሜን ግን ከሁለቱ ቤተሰብ ጋር ጻፉልኝ።

ጸሐፊዋ፦
የእናትየዋን ጨምሬ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በወረቀት አወጣዋለሁ። ፊርማ የምትሰጡ አርፍዳችሁ አትምጡ። ለጉብኝት የምትሄዱ ደግሞ፣ ደሴቷ የምትሠራው በፊንላንድ ሰዓት ነው፣ ከእኛ አንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ የመልሱን መርከብ በስቶክሆልም ሰዓት ጠብቆ የቀረ እንዳይኖር።